የባስተር ፖዚ ቁርጭምጭሚት፦ የአንድ ካቸር የሥራ ዘመንና የተለወጠው የቤዝቦል ሕግ

ሜይ 25 ቀን 2011 ምሽት፣ ሳን ፍራንሲስኮ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጨዋታው በመደበኛዎቹ ዘጠኝ ዙሮች አሸናፊ ስላልተገኘበት ወደ አሥራ ሁለተኛው ዙር ተሻግሯል። ውጤቱ 6 ለ 6 ነው። የእንግዳው ቡድን የፍሎሪዳ ማርሊንስ ተጫዋች ስኮት ከዚንስ ሦስተኛው ቤዝ ላይ (ወደ ነጥብ ከሚያደርሱት ሦስት ጣቢያዎች የመጨረሻው ላይ) ቆሞ ይጠባበቃል። የቡድን ጓደኛው ኤሚልዮ ቦኒፋስዮ የመታት ኳስ ወደ ቀኝ ሜዳ ከፍ ብላ በረረች፤ የሳን ፍራንሲስኮ ጃያንትሱ ኔት ሺርሆልትስም ቀለባት። ኳሷ ጓንቱ ውስጥ እንደገባች ከዚንስ ተፈተለከ። ሺርሆልትስም ሯጩን ለመቅደም ኳሷን በኃይል ነጥብ ወደሚቆጠርበት ሰሌዳ፣ ወደ ሆም ፕሌት ወረወረ።

እዚያ የሚጠብቃት የ24 ዓመቱ ካቸር ባስተር ፖዚ ነበር። ኳሷ ከሯጩ ጥቂት ቀድማ ደረሰች፤ ፖዚ ግን አጥብቆ ሳይዛት አመለጠችው። ወደ ሯጩ ሲዞር ከዚንስ ትከሻውን አስቀድሞ በሙሉ ፍጥነቱ መጣበት። ፖዚ ወደ ኋላ ሲወድቅ ግራ እግሩ ከሥሩ ታጥፎ ቀረ። ከዚንስ ነጥቡን አስቆጠረ፤ ማርሊንስ 7 ለ 6 አሸነፈ። ፖዚ መሬት ላይ እየተንፈራገጠ አፈሩን በእጁ ይቧጥጥ ነበር። ያጋጨው ከዚንስ ራሱ አጠገቡ ተንበረከከ። በምርመራ እንደታወቀው የታችኛው እግሩ ቀጭኑ አጥንት ተሰብሯል፤ የቁርጭምጭሚቱ ጅማቶችም ተበጥሰዋል።

ዳኛው ጥፋት አልተናገረም፤ የሚናገረው ጥፋትም አልነበረም። በዚያን ቀን ሕግ ከዚንስ ያደረገው ነገር ሁሉ የተፈቀደ፣ እንዲያውም በብዙ አሠልጣኞች ዘንድ የሚመሰገን ነበር። የፖዚን የሥራ ዘመን ለጥናት የመረጥኩት በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ ሙያ ላይ የሚደርስ ጉዳት ሁሉ የዕድል ጉዳይ ተደርጎ ይነገራል። የፖዚ እግር የተሰበረው ግን በዕድል አይደለም። ሕጉ ስለ ፈቀደ ነው።

ቀላቢው

ቤዝቦልን ለማያውቅ አንባቢ ካቸርን ለማስረዳት ብዙዎች ከእግር ኳስ ግብ ጠባቂ ጋር ያነጻጽሩታል። ንጽጽሩ እስከ ግማሽ መንገድ ያደርሳል። ግብ ጠባቂ ኳስ የማትመጣበት ረጅም ጊዜ አለው፤ ካቸር ግን በእያንዳንዷ ውርወራ ውስጥ አለ። ስሙ ቃል በቃል ቀላቢ ማለት ነው። ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ፣ ከ18.44 ሜትር ርቀት አንዳንዴ በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ የምትወረወርለትን ኳስ ይቀልባል። በአንድ ጨዋታ ከመቶ ጊዜ በላይ ይቀመጣል፣ ይነሣል። በዱላው ጠርዝ ተነክታ አቅጣጫዋን የሳተች ኳስ ጭንብሉን፣ ትከሻውን ወይም ጣቱን ታገኘዋለች። ስለዚህ ጭንብል፣ የደረትና የቅልጥም መከላከያ ያጠልቃል። የቤዝቦል ሰዎች ለዚህ ትጥቅ የአላዋቂ ዕቃ የሚል የቆየ ስም አላቸው፤ አስተዋይ ሰው ይህን ሥራ አይመርጥም ለማለት ነው።

እኔ በዚህ ስም አልስማማም። ከዘጠኙ ተጫዋቾች ሜዳውን በሙሉ ፊት ለፊቱ አድርጎ የሚያይ ካቸር ብቻ ነው። ወርዋሪው ምን ዓይነት ኳስ፣ ወደ የትኛው ጥግ እንዲወረውር ምልክት የሚሰጠው እሱ ነው። የእያንዳንዱን መቺ ድክመት በቃሉ ይይዛል፤ የተናደደ ወርዋሪ ሲያይ ወጥቶ ያረጋጋል፤ ኳሷን ሲቀልብ ዳኛው በጥሩ ቦታ እንዳለፈች እንዲያያት እጁን ሳያንቀጠቅጥ ይይዛታል። ፖዚ በዚህ የመጨረሻ ጥበብ በዘመኑ ከነበሩት ምርጦች መካከል ነበር።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የቤቱ በር ዘብ ነው። ነጥብ የሚቆጠረው ሯጩ ሦስቱን ቤዞች አልፎ የመጨረሻውን ጣቢያ፣ ሆም ፕሌት የሚባለውን ባለ አምስት ማዕዘን ነጭ ሰሌዳ ሲነካ ነው። ከመንካቱ በፊት ካቸሩ ኳሷን በያዘ እጁ ከነካው ሯጩ ይወጣል፤ ነጥቡም አይቆጠርም። ለብዙ አሥርተ ዓመታት በተግባር ሲሠራበት የኖረው እንዲህ ነበር፦ ካቸሩ በሯጩ መንገድ ላይ ይቆማል፣ ሯጩም በኃይል ይገባበታል፤ ኳሷ በግጭቱ ከእጁ ከወደቀች ነጥቡ ይቆጠራል። ስለዚህ ሯጩ ሰሌዳውን ከመፈለግ ይልቅ ሰውየውን መግጨት የሚጠቅመው ጊዜ ነበር። አንዱ በሩጫ ፍጥነት ይመጣል፤ ሌላው ዓይኑ ከሩቅ በምትመጣ ኳስ ላይ ተተክሎ፣ ጎኑን ሰጥቶ ቆሟል። ሁለቱን እኩል ተፋላሚዎች አድርጎ የሚተርክ ሰው ቦታቸውን ልብ ብሎ ያየ አይመስለኝም።

ልጁ

ፖዚ ያደገው በጆርጂያ ግዛት፣ ሊስበርግ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ካቸር ሆኖ አልተወለደም። ፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሲገባ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል ባለው፣ ሩጫ፣ ዝላይና ፈጣን እጅ በሚጠይቀው ቦታ ላይ ይጫወት ነበር፤ ወደ ካቸርነት የተዛወረው በሁለተኛ ዓመቱ፣ በ2007 ነው። በሜይ 2008 በአንድ ጨዋታ በዘጠኙም ቦታዎች ተፈራርቆ ተጫወተ፤ በዚያው ጨዋታ ሦስቱም ቤዞች ላይ ጓደኞቹ ቆመው ሳለ ሆም ራን (አጥሩን አልፋ የምትወጣ፣ መቺውን በቀጥታ እስከ ሆም ፕሌት የምታደርስ ምት) መታ። በዚያው ዓመት ጃያንትስ ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ምልመላ አምስተኛ አድርጎ መረጠው፤ ለፊርማው 6.2 ሚሊዮን ዶላር ከፈለው።

በ2010 ሜይ መጨረሻ ወደ ዋናው ቡድን ሲጠራ ቦታው የቤንጂ ሞሊና ነበር። ክለቡ ከአንድ ወር በኋላ ልምድ ያለውን ሞሊናን ለቴክሳስ ሬንጀርስ አሳልፎ ሰጠና የ23 ዓመቱን ልጅ በበሩ ላይ አቆመው። የወርዋሪዎቹ ቡድን በወጣትና በኃይለኛ ክንድ የተሞላ ነበር፤ ቲም ሊንሰከም፣ ማት ኬን፣ ጆናታን ሳንቼዝ፣ ገና 21 ዓመቱ የነበረው ማዲሰን በምጋርነር። እነዚህን ሁሉ እንዲመራ የታመነው ጀማሪው ፖዚ ነው። በዚያው መኸር ጃያንትስ በፍጻሜው የዓለም ሲሪስ ሬንጀርስን በአምስት ጨዋታ ረታ፤ በተሸነፈው ወገን ካቸር ሆኖ የተሰለፈው ያው ሞሊና ነበር። ክለቡ ዋንጫ ሲያነሣ ኒው ዮርክ ከነበረበት ከ1954 ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ፖዚም ከሁለቱ ዋና ሊጎች አንዱ የሆነው የብሔራዊ ሊጉ የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ተባለ።

ከሰባት ወር በኋላ ነው አፈሩን በእጁ የቧጠጠው።

ቁጣው የወደቀበት ሰው

ከግጭቱ በኋላ የሆነው ነገር እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። ከዚንስ ከተቀያሪዎች መካከል የገባ፣ በቡድኑ ውስጥ ቦታውን ለማጽናት የሚታገል ተጫዋች ነበር። የግድያ ዛቻ ደረሰው። የጃያንትስ ሥራ አስኪያጅ ብራያን ሴቢን በሬዲዮ ቀርቦ፣ ከዚንስ ከእንግዲህ አንድም ጨዋታ ባይጫወት ሁላችንም ደስ ይለናል የሚል ነገር ተናገረ፤ ንግግሩ ቁጣ ሲያስነሣ ክለቡ ለማለዘብ ተገደደ።

በአገራችን በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል። ዱላ የያዘው ወጣት የጌታውን ቅልጥም ቢያገኝ በዚያን ቀን ቂም የለም፤ ወደ ሜዳው የገባ ሁሉ ሕጉን ተቀብሎ ገብቷልና። በዚህ ሚዛን ከታየ ከዚንስ ዕዳ የለበትም። በእሱ ቦታ ሆኖ፣ በአሥራ ሁለተኛው ዙር፣ አሸናፊዋን ነጥብ ይዞ የሚሮጥ ተጫዋች ሁሉ እንዲያደርግ የተማረውን አደረገ። ሕዝቡ የተቆጣው በሰውየው ላይ ነው፤ የሚገባው ግን ይህን መንገድ ክፍት አድርጎ በተወው ሕግ ላይ መቆጣት ነበር። አንድን ወጣት መጥላት ሕግ ከማሻሻል ይቀላል።

ከሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ማዶ፣ በኦክላንድ፣ ይህን ጉዳይ ከማንም በላይ የሚያውቅ ሰው በዚያን ጊዜ ይሠራ ነበር። የኦክላንድ ኤስ ጨዋታዎችን በስርጭት የሚተርከው ሬይ ፎሲ። እሱም ካቸር ነበር፣ ለክሊቭላንድ። ጁላይ 14 ቀን 1970 በሲንሲናቲ በተደረገው የኮከቦች ጨዋታ ላይ፣ እሱም በአሥራ ሁለተኛው ዙር፣ ተጋጣሚው ፒት ሮዝ አሸናፊውን ነጥብ ለማስቆጠር ሲመጣ በትከሻው ገጭቶ ጣለው። ያ ጨዋታ በሊጉ ደረጃ ምንም የማይለውጥ፣ ለትርዒት የሚደረግ ጨዋታ ነበር። የተነሣው ራጅ ስብራቱን አላሳየም፤ ፎሲ በተሰበረና በተናጋ ትከሻ መጫወቱን ቀጠለ። እውነቱ የታወቀው በማግሥቱ ዓመት ነው። ከጨዋታው በፊት በዚያው የውድድር ዘመን 16 ሆም ራን መትቶ ነበር፤ በቀረው ግማሽ የመታው ሁለት ብቻ ነው። እስከ 1979 ድረስ ቢጫወትም የዚያን ግማሽ ዓመት ኃይሉን መልሶ አላገኘውም። ሕመሙም እስከ ሞተበት እስከ 2021 አብሮት ኖረ።

ያ ግጭት በቴሌቪዥን ለአርባ ዓመታት ሲደጋገም የኖረው እንደ ጀግንነት ማሳያ ነው። አንድ ሰው ትከሻውን ያጣበትን ቅጽበት አገሩ እንደ መዝናኛ ሲያየው ኖረ፤ ሕጉን ለመለወጥ የሞከረ ግን አልነበረም።

መመለሱ

የፖዚ እግር በብሎን ተያይዞ ተጠገነ። የ2011ን ቀሪ ጊዜ በሙሉ ከሜዳ ራቀ፤ የዓለም ሻምፒዮኑ ቡድን ምድቡን ለአሪዞና አስረክቦ ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ከፍጻሜ ውድድሮችም ቀረ። አሠልጣኙ ብሩስ ቦቺ ራሱ የቀድሞ ካቸር ነው። ሕጉ ይለወጥ ብሎ በግልጽ ጠየቀ። ሕጉ እስኪለወጥ ግን አልጠበቀም፤ ፖዚ ሲመለስ ሆም ፕሌቱን በሰውነቱ እንዳይዘጋ፣ ከፊት ለፊት ቆሞ በእጁ ብቻ እንዲነካ አዘዘው። አንዲት ነጥብ ብትገባ ትግባ፤ ልጁ ይትረፍልኝ ማለቱ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ በላይ የማደንቀው ውሳኔ ይህ ነው። ቦቺ በእጁ የነበረውን ሥልጣን ወዲያውኑ ተጠቀመበት።

2012 የፖዚ ዓመት ሆነ። በ148 ጨዋታ ተሰለፈ፤ አማካይ የመምታት ውጤቱ .336 ነበር (ከሺህ ሙከራ 336ቱን መትቶ በሰላም ቤዝ መድረስ ማለት ነው)፤ 24 ሆም ራን መታ፤ 103 ነጥቦችን አስገባ። የሊጉ ቀዳሚ መቺ ተባለ። በዚህ ላይ አንድ ነገር ማንሣት ይገባል፤ የገዛ ቡድኑ ሜልኪ ካብሬራ ከፍ ያለ አማካይ ይዞ ነበር፤ ነገር ግን የተከለከለ መድኃኒት ተጠቅሞ 50 ጨዋታ በመታገዱ ከፉክክሩ እንዲወጣ ራሱ ጠየቀ። በብሔራዊ ሊግ ካቸር ይህን ክብር ሲያገኝ ከ1942ቱ ኧርኒ ሎምባርዲ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። በጁን ወር ማት ኬን አንድም ተቃራኒ ቤዝ ሳይረግጥ 27ቱን መቺዎች በተከታታይ ሲያስወጣ ምልክት የሚሰጠው ፖዚ ነበር። በማጣሪያው ወሳኝ ጨዋታ ሲንሲናቲ ላይ ባለ አራት ነጥብ ሆም ራን መታ፤ ጃያንትስ በፍጻሜው ዲትሮይት ታይገርስን በአራት ተከታታይ ጨዋታ ረትቶ ዋንጫውን ወሰደ። ከ32 መራጮች 27ቱ የሊጉ ኮከብ ተጫዋች አድርገው መረጡት፤ በዚያ ሊግ ለካቸር ከጆኒ ቤንች፣ ከ1972 ወዲህ። በቀጣዩ ማርች ክለቡ በ167 ሚሊዮን ዶላር ለዘጠኝ ዓመት አስፈረመው።

ሕጉ

ዲሴምበር 2013 የሊጉ የሕግ ኮሚቴ በሆም ፕሌት ላይ የሚደረግን ግጭት ለማስቀረት መወሰኑን አስታወቀ። ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2014 ደንብ 7.13 ለሙከራ በሚል ወጣ። ይዘቱ ቀላል ነው። ሯጩ ካቸሩን ለመግጨት ሲል ከቀጥተኛ መንገዱ መውጣት አይችልም፤ ቢወጣ፣ ኳሷ ከካቸሩ እጅ ብትወድቅ እንኳ፣ ይወጣል። ካቸሩም ኳሷን ሳይዝ የሯጩን መንገድ መዝጋት አይችልም፤ ቢዘጋ ነጥቡ ይቆጠራል። ሕዝቡ የፖዚ ሕግ አለው።

እርግጥ ፖዚ ብቻውን አላመጣውም። የሴንት ሉዊስ አሠልጣኝ ማይክ ማቲኒ አጥብቆ ተሟግቷል። ማቲኒ ካቸር ሳለ በተደጋጋሚ ጭንቅላቱን ተመትቶ ጨዋታ ለማቆም የተገደደ ሰው ነው፤ የተጫወተበት የመጨረሻ ክለቡም ይኸው ጃያንትስ ነበር። ስለ ጭንቅላት ጉዳት የነበረው እውቀት በእነዚያ ዓመታት ተስፋፍቷል። በ2013 መኸር ደግሞ የዲትሮይቱ አሌክስ አቪላ በማጣሪያ ላይ ከቦስተኑ ዴቪድ ሮስ ጋር ተጋጭቶ ተጎድቷል። ሆኖም እኔ የማምነውን ልናገር፦ በ1970 የፎሲ ትከሻ ሲሰበር ያልተነቃነቀ ሕግ የተነቃነቀው የተሰበረው አካል ዋጋው በመቶ ሚሊዮኖች ሲቆጠር ነው። ክለቦቹ ለአንድ ሰው ቁርጭምጭሚት ይህን ያህል ገንዘብ ካስያዙ በኋላ ነው ግጭቱ ጀግንነት መሆኑ ቀርቶ ኪሣራ የሆነው። በስም የማይታወቁ፣ በታችኞቹ ሊጎች ጉልበታቸው የተሰበረ ካቸሮች ለዘመናት ነበሩ። ሕጉ በእነሱም ስም መጠራት ይገባው ነበር።

የመጀመሪያው ዓመት ግራ የሚያጋባ ነበር። ዳኞች በቪዲዮ እያዩ ካቸሩ መንገድ ዘግቷል አልዘጋም በሚል ይከራከሩ ነበር፤ ኳሷ ቀድማ ደርሳ ሳለ በእግር አቋቋም ብቻ ነጥብ የተፈቀደባቸው ውሳኔዎች አሠልጣኞችን አስቆጡ። በሴፕቴምበር ሊጉ ማብራሪያ ላከ። የቀድሞ ተጫዋቾች ጨዋታው ለስልሷል ብለው አማረሩ። ይህን ክርክር ባከብረውም አልቀበለውም። የ2011ን ቪዲዮ ደጋግሜ ተመልክቻለሁ፤ ፖዚ ከሰሌዳው ፊት ለፊት ነው የቆመው፣ ለሯጩ የሚያልፍበት ቦታ ነበረው። በእኔ ዳኝነት በአዲሱ ሕግ ከዚንስ ይወጣ ነበር፤ ይልቁንም ሕጉን አውቆ ስለሚሮጥ ወደ ክፍቱ ጎን ይንሸራተት ነበር፤ ምናልባትም ጨዋታውን ያሸንፍ ነበር። ሁለቱም በእግራቸው ወደ ቤታቸው ይሄዱ ነበር።

ሕግ የማይደርስበት

ሕጉ በወጣበት ዓመት ጃያንትስ ካንሳስ ሲቲን በሰባት ጨዋታ አሸንፎ ሦስተኛ ዋንጫውን በአምስት ዓመት ውስጥ አገኘ። በሰባተኛው ጨዋታ በምጋርነር ከሁለት ቀን ዕረፍት በኋላ ተመልሶ የመጨረሻዎቹን አምስት ዙሮች ሲወረውር ከፊቱ ቁጢጥ ያለው ፖዚ ነው።

ግጭት ቢቀርም ቁጢጥ ማለቱ አልቀረም። ኦገስት 2018 የዳሌ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ በ2019 የመታው ሆም ራን ሰባት ብቻ ነበር። በ2020 ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ መንትያ ሕፃናትን ከባለቤቱ ጋር በጉዲፈቻ ስለተቀበለ፣ በወረርሽኙ ምክንያት ሳይጫወት ቀረ። በ2021 ተመልሶ .304 አማካይና 18 ሆም ራን አስመዘገበ፤ ጃያንትስም 107 ጨዋታ አሸነፈ። ሁሉም ገና ብዙ ዓመት አለው ብሎ ሳለ፣ ኖቬምበር 4 ቀን 2021 በ34 ዓመቱ አቆመ። ለ2022 ክለቡ ሊከፍለው የሚችለውን 22 ሚሊዮን ዶላር ትቶ ሄደ። በዕለቱ የሰጠው ምክንያት ግልጽ ነበር፦ በየቀኑ ሕመም ይዞ መጫወት ደስታውን ወስዶበታል፤ ከልጆቹም ጋር መሆን ይፈልጋል። በ1,371 ጨዋታ 1,500 ኳሶችን መትቶ በሰላም ቤዝ ደርሷል፤ ያለፈም የጎደለም የለውም።

በርካቶች ያን ውሳኔ እንደ ድንገተኛ ነገር አዩት። እኔ ግን እንደ ሙያው ትክክለኛ ሒሳብ አየዋለሁ። ድንገተኛውን ስብራት ሕግ ያስቀረዋል፤ ዕለት ዕለት የሚበላውን ዳሌና ጉልበት ግን የሚያስቀር ደንብ የለም። እዚያ ላይ ዳኛው ተጫዋቹ ራሱ ነው። ፖዚ ገና መራመድ እየቻለ ወሰነ።

በ2022 የክለቡ ባለድርሻ ሆነ፤ በሴፕቴምበር 2024 መጨረሻ ደግሞ የቤዝቦል ሥራዎቹ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተሾመ። ከእንግዲህ በሆም ፕሌቱ ማን እንደሚቆም የሚወስነው እሱ ነው። ሥልጣኑን ሲረከብ ያገኘው ካቸር ፓትሪክ ቤይሊ፣ በዚያው ዓመት የወርቅ ጓንት ሽልማት ያገኘ ወጣት ነው። ፖዚ በተሰበረበት ምሽት ቤይሊ የ11 ዓመት ልጅ ነበር። ጃያንትስ የመረጠው በ2020 ነው፤ በሙያው አንድም ቀን በአሮጌው ሕግ ተጫውቶ አያውቅም። ከቀኝ ሜዳ ኳስ ሲወረወርለት ከሰሌዳው ፊት ለፊት ይቆማል፣ ለሯጩ መንገዱን ይተውለታል፣ ኳሷን ይይዝና ክንዱን ዘርግቶ ይነካዋል።